የአክስቴ ምላስ

አክስቴ ሳቫን ጋሽ ሳምባትን ከወንበሩ አስነስታ ስታባርረው የሰማሁት ፎቅ ላይ ሆኜ የሥራ ልብሴን ስተኩስ ነው። እሁድ ነበር፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ። ጋሽ ሳምባት ባጃጁን ከበራችን ጥግ አቁሞ የአክስቴን የፓፓያ ሰላጣ መብላት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የሚስቱ አስከሬን እንደ አገራችን ወግ በተቃጠለ ማግስት እንኳ የመጣው እኛ ዘንድ ነው፤ ሳይናገር በልቶ፣ ሳይናገር ሄደ። ከአክስቴ ጋር ሲላገዱ ሰፈሩ ሁሉ ይስቃል፤ ሲጣሉ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እትዬ ሳቫን፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ ዛሬም ጨው በዝቷል» አለ።

«ዛሬም? ዛሬም ነው ያልከው?»

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ትናንትም ያው ነው። ባለፈው ሳምንትም ያው ነው። እየቻልኩት እንጂ...»

«ሲጋራ ያቃጠለውን ምላስህን ይዘህ ነው እኔን ጨው የምታስተምረኝ? ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ በገዛ አፏ ቀምሳ ልክ ነው ብላለች! እሷ ትዋሻለች? ተነስ! ተነስ ከወንበሬ! ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ!»

የሙቀጫው ድምፅ ቆመ። ከዚያ የሰሃን ኳኳታ፣ ቀጥሎ የባጃጁ ሞተር ተሰማ። እኔ ካውያውን አንስቼ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ምክንያቱም እኔ አልቀመስኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ የቀኑን ማጣፈጫ በማለዳ በአንድ ትልቅ ማሰሮ ትበጠብጣለች፤ የቦካ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ፣ የዘንባባ ስኳር፣ ሎሚ። ቀኑን ሙሉ ሙቀጫ ውስጥ በሚወቀጠው ጥሬ ፓፓያ ላይ የምታፈሰው ከዚያ እየጨለፈች ነው። ባለፈው ዓመት በዝናቡ ወራት አልጋ ላይ ከጣላት ትኩሳት ከተነሳች ወዲህ አዲስ ልማድ አመጣች። ወደ ሥራ ልወጣ ስል በማንኪያ ትቀዳና «ሞሊዬ፣ እስቲ ቅመሺልኝ» ትለኛለች። እኔ ማንኪያውን ከንፈሬ ላይ አስነካና «ልክ ነው» እላለሁ። ዞር ስትል ከንፈሬን በመሐረብ እጠርጋለሁ። የምሠራው የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የቦካ ዓሣ ሽታ ደግሞ አንዴ አፍ ከገባ እስከ ቀትር አይለቅም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ገንዘብ ያዧ አጠገቤ አፍንጫዋን ይዛ «ዛሬ ማናችን ነን ከዓሣ ገበያ የመጣነው?» ብላ ሁሉም ሲስቁ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከጥርስ ሳሙና በቀር ምንም አፌ አይገባም። እሁድ እንኳ፣ ሥራ በሌለኝ ቀን፣ ልማድ ሆኖብኝ ያው ከንፈሬን ብቻ አስነካለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙቀጫ ስትወቅጥ የኖረች ሴት የእኔ ምስክርነት ምን ያደርግላታል? የፍቅር ነገር መስሎኝ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኘኝ ፀጉሬን እንደምታስተካክልልኝ ዓይነት።

ልብሱን ሰቅዬ ወረድኩ። የአክስቴ ቦታ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ በረንዳ ናት፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ አሥር የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ማራገቢያ፣ ከላይ ጫፉ የተቀደደ ሸራ። ያን ሰዓት ድሮ ቢሆን መቀመጫ አይገኝም። ያን ቀን የነበረው ጋሽ ሳምባት የተወው ሰሃን ብቻ ነው፤ ግማሹ እንዳለ ነው። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ፓፓያ ትከትፋለች፤ ለማን እንደምትከትፍ እንጃ። ስለ ጠቡ እንድጠይቃት አልፈለገችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ሎሚዎቹን በየመጠናቸው ለየሁ፤ የማይለይ ነገር ስለየ ቆየሁ። በእኔና በእሷ መካከል ዝምታ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቴ ለሥራ ታይላንድ ሄዳ ከቀረች ጀምሮ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ሁለት ሰው ደግሞ ወሬው ቶሎ ያልቅበታል።

በመጨረሻ ቢላዋውን አስቀመጠችና «ልብስሽን ለውጪና ማዕዘኑ ላይ ካለው ቤት ሂጂ» አለችኝ። «ከቀይ ወንበሮቹ ቤት። ሦስት ዓይነት እዘዢ። ምን እንደሚጨምሩበት ቅመሺና ነይ ንገሪኝ። ሰው ሁሉ ወደዚያ የሚግተለተለው በምን ምክንያት እንደሆነ ልወቀው።»

«ከእኛ የሄደችው ታቪ እኮ እዚያ ነው ያለችው፣ ታውቀኛለች።»

«ትወቅሻ! ከፍለሽ ነው የምትበይው። ሰርቀሽ ነው?»

ከሽርጧ ኪስ ሠላሳ ሺህ ሪኤል፣ ሦስት ሰሃን የሚያስበላ ገንዘብ፣ አውጥታ እጄ ላይ ጠቀጠቀችው። የራሴን እከፍላለሁ ብላት ተቆጣች፤ «የንግድ ወጪ ነው» አለች፣ ትልቅ ድርጅት እንዳላት ሰው። ሳቄ አልመጣም። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ በረንዳውንና ከላዩ ያለውን ክፍላችንን ያከራየችን ሴትዮ፣ ከሳምንት በፊት መጥታ በለሰለሰ አንደበት «እስከ ሙሉ ጨረቃው በዓል ድረስ ገበያሽ ካልተነሳልሽ ለስልክ ካርድ ሻጩ ልሰጠው ነው፣ አትቀየሚኝ» ብላታለች። በዓሉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከበረንዳው ከተነሳች አክስቴ ያላት መሄጃ ፕሬይ ቬንግ ገጠር ያለው የወንድሟ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ የወንድሟ ሚስት ሩዝ ስትጨልፍ በጭልፋው ድምፅ ነው የምትሳደበው። የታመመች ጊዜ አንድ ወር እዚያ ተቀምጣ ስትመለስ «እሞታለሁ እንጂ እዚያስ አልመለስም» ብላለች።

የቀይ ወንበሮቹ ቤት ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ከተከፈተ አምስት ወሩ ነው፤ እኔ ግን በበሩ ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፈው። ውስጡ ያን ያህል የሚያስቀና አይደለም። የቆርቆሮ ጣራ፣ የተጠራረገ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ላይ የሰላጣዎቹ ፎቶ ከነዋጋው፣ በየጠረጴዛው ሥር የለስላሳ ጣሳ መጣያ። ሰው ግን ሞልቷል፤ የፋብሪካ ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ልጆቻቸውን ያስከተሉ ባለትዳሮች፣ በእሁድ ልብሳቸው የመጡ ሽማግሌዎች። ከመካከላቸው ቢያንስ ስድስቱ የእኛ ደንበኞች ነበሩ። አንዲቱ አየችኝና ሰሃኗ ላይ አቀረቀረች። እሷ ያፈረችው እኔን ነው፤ እኔ ማንን እንዳፈርኩ ገና አላወቅኩም። ከማራገቢያው ሥር፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። የፓፓያ ሰላጣ በጨው ከተዘፈዘፈ ጥቁር ሸርጣን ጋር፣ የሙዝ አበባ ሰላጣ በዶሮ፣ የማንጎ ሰላጣ በጢስ ዓሣ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ብቻዬን መሆኔን አይታ «እንግዳ ይመጣል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሰላጣው የሚወቀጠው በበላተኛው ፊት ነው። ታቪ ሁለት የሸክላ ሙቀጫ ከፊቷ ደቅና፣ ክንዷ ፈርጥሞ፣ አንዱን ስትጨርስ ወደ ሌላው ትዞራለች። አክስቴ ዘንድ አራት ዓመት ሠርታ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ሳትሰናበተኝ የሄደች ልጅ ናት፤ አክስቴ «ከሃዲ» ካለቻት ወዲህ ስሟ ቤታችን ውስጥ አይነሳም። ከሙቀጫው በማንኪያ እየጨለፈች ሰሃን ላይ ሳትገለብጠው በፊት ላዘዘው ሰው ታቀምሳለች። ይሄ የትም ያለ ወግ ነው፤ ጎምዛዛ የሚወድ ሎሚ ያስጨምራል፣ ጣፋጭ የሚወድ ስኳር። እሷ ዘንድ ግን አንድ ነገር ለየት አለብኝ። አንድ ተማሪ ቀምሶ በጨዋ ደንብ «ልክ ነው እህቴ» ሲላት ማንኪያዋን አልመለሰችም።

«ልክ ነው አትበለኝ! ልክ ነው ምንድነው? እኔን ለማስደሰት ነው የመጣኸው? ምን ይጨመር፣ ምን ይቀነስ፣ እሱን በለኝ!»

ልጁ ተቅለስልሶ «ትንሽ... ስኳር» አለ። ሰው ሳቀ። እሷም ስቃ ጨመረችለት። እኔ አልሳቅኩም። እኛ አገር ትልቅ ሰው የሠራውን ቀምሶ «አልጣመኝም» የሚል ልጅ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ይሉኝታ ከርሃብ ይበልጣል። የአክስቴ ደንበኞች በማንኪያ ቀምሰው፣ እጃቸውን አጣምረው አመስግነው፣ ልክ ነው ብለው፣ ከፍለው፣ ከዚያ ደግመው ያልመጡት አንድ በአንድ ዓይኔ ላይ መጡብኝ።

ሰላጣው መጣ። መጀመሪያ የሙዝ አበባውን ቀመስኩ፤ ለውዙ ገና ከመቆላቱ ነው፣ ናናውና በሶብላው አልጠወለጉም። ማንጎው ጥርስ ያጠርሳል፣ የጢስ ዓሣው ይከተለዋል። ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል፤ ግን ለዚህ ተብሎ ሰው አይከዳም። ከዚያ ፓፓያውን ጎረስኩ። ጎርሼ ማኘክ አቃተኝ። ጨዉ፣ ጎምዛዛው፣ ጣፋጩ፣ ከኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣው የቦካው ዓሣ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። ይሄ የአክስቴ እጅ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩዝ የምበላው፣ ሰሃኑን በጣቴ የምጠርገው። ስንት ጊዜ ሆነኝ ከበላሁት? ዓመት? ሁለት? አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ የአክስቴን ምግብ ጣዕም የማገኘው ሌላ ሰው ቤት ከፍዬ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አጠገቤ ያሉት ቃሪያው መስሏቸው ውሃ አቀበሉኝ።

ታቪ ሙቀጫውን ለሌላ ሴት ለቅቃ እጇን እያደረቀች መጣች። ሳትጠየቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ትጣላኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሦስቱን ሰሃኖች አየች፣ እኔን አየች፣ ገባት።

«እትዬ ሳቫን ናቸው የላኩሽ?»

«እሷ ናት።»

«እንዴት ናቸው? ምላሳቸው ተመለሰላቸው?»

«የምን ምላስ?» አልኩ።

የማላውቅ መሆኔን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከትኩሳቱ ስትነሳ አክስቴ ማሽተትም መቅመስም እንደተሳናት፣ ቃሪያው ሲያቃጥላት ብቻ እንደሚሰማት፣ ሎሚና ውሃ አንድ እንደሆኑባት። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ከሰማች ቦታውን ትነጥቀኛለች ብላ ለማንም እንዳትናገር ታቪን አስምላታለች። ለእኔ ያልነገረችኝ ሥራዬን ትቼ ልርዳሽ ትለኛለች ብላ ፈርታ ነው። «እኔ ፈርቼ ነበር፣ እንዴት አድርገው ሊሠሩ ነው ብዬ» አለች ታቪ። «እሳቸው ግን ሳቁብኝ። ‹አንቺ ምን አስጨነቀሽ፣ ሞሊካ በየጠዋቱ ትቀምስልኛለች። የእሷ ምላስ የእኔ ምላስ ነው› አሉኝ።»

ውሃ አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ከዚያ ማጣፈጫው ከቀን ወደ ቀን ጨው እየሆነ መጣ። ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። በሦስተኛው ‹አንቺ ከእህቴ ልጅ ትበልጫለሽ? ከእሷ አፍ ያንቺ አፍ ይታመናል?› አሉኝና ሽርጤን አስወለቁኝ። እኔ ልሂድ ብዬ አልሄድኩም፣ እህት ሞሊ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ አንቺ ያን ሁሉ ጨው እየቀመስሽ እንዴት ልክ ነው ትያለሽ?»

እዚያ ቦታ መዋሸት ቀላል ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ነው ብል ታምነኝ ነበር፤ ሁሉም ሰው ያደረገው ነው፣ ይቅር የሚባል ነው። «እንጃ» አልኩ። ታቪን ጠሯትና ተነሳች። ሂሳቡን ከአክስቴ ገንዘብ ላይ ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለት መቶውን እርምጃ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ በአጥሩ ጥላ ሥር እየቆምኩ አስብ ነበር። ያሰብኩትንም ልናገረው፤ መጀመሪያ ያሰብኩት መደበቁን ነው። ከነገ ጀምሮ ማንኪያውን እውነቱን እቀምሳለሁ፣ ጨው ሲበዛ በዝቷል እላለሁ፣ በሁለት ቀን ይስተካከላል፣ ደንበኛው ይመለሳል፣ በረንዳው ይተርፋል። ማን ያውቃል? ማንም። ይሄ ሐሳብ እንዴት እንዳሳረፈኝ! ከዚያ ጋሽ ሳምባት ትዝ አለኝ። ታቪ ትዝ አለችኝ። እውነቱን የነገሯት ሁለቱ ሰዎች ውሸታሞች ሆነው ሊቀሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ታማኟ ልሆን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔው ደግሞ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ በየጠዋቱ አስቤ ያደረግኩት ነው። ይህንን ሁሉ እያወቅኩም በረንዳው ጋ ስደርስ ቆርጬ አልነበረም።

አክስቴ ከሩቅ አይታኝ ተነስታ ቆማ ጠበቀችኝ። ወንበር ሳበችልኝ፣ በእጇ ጠረገችው። «እሺ? ተናገሪ እንጂ! እንዴት ነው የነሱ?»

«ያን ያህልም አይደለም» አልኳት።

አፌ ነው ያለው። ፊቷ ላይ የመጣውን ደስታ ሳይ ቃሉን መልሼ ልውጠው ፈለግኩ። «አላልኩም!» አለች፤ ጭኗን መታች። «አላልኩም! ፎቶ ነው፣ ቀይ ወንበር ነው ሰዉን ያሞኘው! ያ ባለ ባጃጅ ደግሞ ከፍለውት ነው፤ እሱና ያቺ ከሃዲ ተማክረው ነው እኔን ያበላሹኝ!» ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ በመንገዱ ማዶ ለመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ «ሰማሽ ወይ? ልጄ ቀምሳ መጣች! ምንም አይደለም አለች! ነገ ሁለት ማሰሮ ነው የምበጠብጠው፣ ታያለሽ!» አለቻት። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘችላት። አክስቴ ሁለተኛውን ማሰሮ ከመደርደሪያው ሥር ለማውጣት ጎንበስ አለች።

«አክስቴ፣ አልቀመስኩም» አልኩ።

«ምን? ሄደሽ የለም እንዴ?»

«የነሱንማ ቀምሻለሁ። የነሱ ድሮ አንቺ የምትሠሪው ነው፣ ልክ እንደዚያው። ያልቀመስኩት ያንቺን ነው። ጠዋት ጠዋት። አንድም ቀን አልቀመስኩም።»

ማሰሮውን እንደታቀፈች ቀና አለች። እኔ ከዚህ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፤ ከንፈሬን ብቻ እንደማስነካ፣ በመሐረብ እንደምጠርግ፣ የምላሷን ነገር ከታቪ እንደሰማሁ፣ ጋሽ ሳምባት እውነቱን እንደሆነ ሁሉንም አፈሰስኩት። ትጮኻለች፣ በማሰሮው ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትለኝ ደስ ባለኝ።

«ለምን?» አለች።

«ሽታው... ለሥራ... ሰው እንዳይሸተው ብዬ ነው።»

አክስቴ እጇን አየችው። ጣቶቿ በቦካ ዓሣ ሠላሳ ዓመት የራሱ ጣቶች ናቸው፤ የትምህርት ቤት ክፍያዬን፣ ዩኒፎርሜን፣ የእንግሊዝኛ ትምህርቴን የከፈሉት እነሱ ናቸው። እኔም አየኋቸው። እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፣ ማሰሮውን ቦታው መለሰችው። አላለቀሰችም። የጋሽ ሳምባትን ሰሃን ከጠረጴዛው አነሳችና ከተረፈው ላይ ጎርሳ ረጅም ጊዜ አላመጠች፤ የሚሰማት ነገር ካለ ብላ ይመስለኛል። ከዚያ ዋጠችው።

በዚያው መካከል ሁለት የፋብሪካ ሴቶች መጡና ሙቀጫው ፊት ቆሙ። እኛን አያውቁንም፣ ማዕዘኑ ቤት ሞልቶባቸው ነው የመጡት። አንድ ሰሃን ለሁለት፣ ቃሪያ አምስት፣ ሸርጣን አይግባ አሉ። አክስቴ ነጭ ሽንኩርቱን ጣለች፣ ቃሪያውን ቆጠረች፣ ዘነዘናውን አነሳች። ወቀጠች። እኔ ከአጠገቧ ሎሚ አቀብላታለሁ፤ ሳታየኝ ትቀበለኛለች። ከማሰሮው ጨልፋ አፈሰሰች፣ አገላበጠች፣ በማንኪያ ጨለፈች። እጄን ዘረጋሁ። የዘረጋሁት እውነቱን ልቀምስ፣ አፍ ሙሉ ልውጥ፣ ቀኑን ሙሉ ልሸት ብዬ ነው። ማንኪያው ከእጄ በላይ አልፎ ወደ ሴቲቱ ሄደ።

ሴቲቱ እኔን አየች፣ አክስቴን አየች። «እማማ፣ ልጅዎ አለች አይደል? እሷ ትቅመስልዎት እንጂ» አለች፣ በአክብሮት።

«አንቺው ቅመሺልኝ፣ ልጄ። ደግሞ ይሉኝታ አይያዝሽ፣ እንደ ተሰማሽ ንገሪኝ» አለቻት አክስቴ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «የሚቀምስልኝ ሰው የለኝም።»